ቻርት ሠሪዎቹን ሌባ አትበሏቸው

ባለፈው ትንሣኤ ማግስት እህቴ እዚሁ ለንደን ቡና ጠርታን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ላፕቶፑን ታቅፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማዳመጫውን አንድ ጆሮው ላይ ብቻ አድርጎ አንዲት የቫዮሊን ሐረግ ደጋግሞ ያስኬዳል። አራት ሴኮንድ የማትሞላ ሐረግ ናት። ያቆማል፣ ይመልሳል፣ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ እንደገና ይመልሳል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ምን እንደሚሠራ ጠየቁት።

ልጁ ጠያቂ በማግኘቱ ደስ ብሎት አስረዳቸው። የአንድ የድሮ እንግሊዝ ባንድ ዘፈን ይዞ፣ የጊታር ቅርጽ ባለው መቆጣጠሪያ ለሚጫወቱት ጌም የትኛው ቁልፍ መቼ እንደሚመታ እየጻፈ ነው። ሲጨርስ ሌሎች ወስደው ይጫወቱታል።

«ባለቤቶቹ ፈቅደውልሃል?» አሉት።

«አይ፣ አባባ።»

«ትከፍላቸዋለህ?»

«አልከፍልም። እኔም ግን አልሸጠውም።»

«እንግዲያውስ ልጄ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ይኼ ስርቆት ነው። ደግሞ ሙዚቃም አይደለም፤ ቁልፍ መጫን ነው።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ሁለት ምክንያት ስለነበረኝ ነው። አንደኛ፣ በሰው ቤት ቡና ላይ ከሽማግሌ ጋር አይከራከሩም። ሁለተኛ፣ የጎረቤታችንን ቁስል አውቀዋለሁ፤ አዲስ አበባ ፒያሳ የካሴት መሸጫ ነበራቸው፣ ሱቃቸውን ያዘጋቸውም በየመንገዱ እየተባዛ የሚቸበቸበው ቅጂ ነው። ዝምታዬ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሲቆጨኝ ከርሟል፤ ምክንያቱም ያንኑ ፍርድ ከዚያ ወዲህም ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠሁት መልስ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ አስቀድሜ ላስረዳ። ጊታር ሂሮ የተባለው ጌም በ2005 ሲወጣ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ካልተናገርኩ በስተቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አብሮት የሚሸጥ ትንሽ የፕላስቲክ ጊታር ነበር። አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ 5 ቁልፎች አሉት። በክር ፋንታ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመታ አንድ ዘንግ ተገጥሞለታል። ዘፈኑ ሲጀምር ቀለማቱ እንደ መንገድ በተዘረጋ ሰሌዳ ላይ ወደ ተጫዋቹ ይንከባለላሉ፤ ቀለሙ መስመሩ ላይ በደረሰበት ቅጽበት ቁልፉን ይዞ ዘንጉን መምታት ነው። የትኛው ቀለም፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለውን የሚወስነው ጽሑፍ ቻርት ይባላል። ኩባንያው የሚሸጠው ጌም የራሱን ቻርቶች ይዞ ይመጣል። አድናቂዎች የሚሠሩት ደግሞ «ከስተም» ይባላል። በ2006 ፊንላንድ ውስጥ ፍሬትስ ኦን ፋየር የተባለ ነጻ ጌም ተሠርቶ ተጫዋቾች የኮምፒውተር ኪቦርዳቸውን እንደ ጊታር አቅፈው መምታት ጀመሩ። ዛሬ የብዙዎቹ ቤት ክሎን ሂሮ የተባለው፣ እሱም በነጻ የሚታደለው ጌም ነው።

ልጁ ያን ቀን ሲሠራው የነበረው ዘፈን «ማቲ ግሮቭስ» ይባላል። ፌርፖርት ኮንቬንሽን የተባሉት እንግሊዞች በ1969 መጨረሻ ባወጡት «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» አልበም ላይ ያለ፣ 8 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ዘፈን ነው። ታሪኩ የጥንት ነው፤ የአንድ መኰንን ሚስት ወጣቱን ማቲ ግሮቭስን ወደ ቤቷ ትወስዳለች፣ ባልየው ይደርስባቸዋል፣ ሁለቱንም ይገድላል። ባንዱ ይህን የገጠር ትረካ ከኤሌክትሪክ ጊታር፣ ከቤዝና ከድራም ጋር አገናኘው። ፎክ ሮክ የሚባለው ይኸው ነው፤ የአያት ዜማ በኤሌክትሪክ።

እንግዲህ «ሙዚቃ አይደለም፤ ቁልፍ መጫን ነው» ወደሚለው ክስ እንግባ። ይህን የሚል ሰው ቻርት ሲሠራ አይቶ አያውቅም። ያን ዘመን ዘፈን ዛሬ እንደለመድነው በኮምፒውተር መቁጠሪያ ታስሮ አይቀዳም ነበር። ሰው ሲጫወት ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ በስንኝና በስንኝ መካከል ይተነፍሳል። ጌሙ ግን ምቱ የት እንዳረፈ ካልተነገረው ቀለሙን ከድምፁ ጋር ማገናኘት አይችልም። ስለዚህ ቻርት ሠሪው ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው በእግሩ እየሄደ፣ «እዚህ ጋ ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው፣ እዚህ ትንሽ ጨምሯል፣ እዚህ ዘፋኟ ስለጠበቀች እነሱም ጠብቀዋታል» እያለ ምልክት ይተክላል። ፋይሉ ማንም ከፍቶ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ ምት ብዙ ጊዜ በ192 ይከፈላል። ፍጥነቱም እስከ ሺኛ ክፍል ድረስ ይጻፋል፤ በደቂቃ 120 ምት ለማለት 120000 ተብሎ ይገባል። ይህን ለ8 ደቂቃ ዘፈን መሥራት ማለት ዘፈኑን ከሠሩት ሰዎች በቀር ማንም ባልሰማው መጠን መስማት ማለት ነው።

ከዚያ ምርጫው ይመጣል። ቁልፉ 5፣ ዜማው ግን ከ5 ድምፅ በላይ ነው። ዜማው ከብርቱካናማው በላይ መውጣት ሲፈልግ ቻርት ሠሪው የሆነ ቦታ ላይ ወደ ታች መመለስ አለበት፤ ሲመልሰው ግን የተጫዋቹ እጅ ዜማው እየወጣ መሆኑን እንዳይረሳ አድርጎ ነው። የፎክ ጊታር ደግሞ በአውራ ጣት ቤዙን፣ በቀሩት ጣቶች ዜማውን በአንድ ጊዜ ይጫወታል። የኛ ክራር ተጫዋቾች ግርፍና ድርድር ብለው የሚለዩትን ዓይነት ልዩነት ቻርት ሠሪውም በቀለም መለየት አለበት። የትኛውን እጅ ይከተል? ቤዙን ቢከተል ዜማው ይጠፋል፣ ዜማውን ቢከተል የዘፈኑ እርምጃ ይጠፋል። በ«ማቲ ግሮቭስ» መጨረሻ ላይ ቫዮሊኑና ጊታሩ እየተሳደዱ ሲሄዱ የእህቴ ልጅ ሦስት ሌሊት ያደረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ቫዮሊኑ ቀስቱን ሳያነሣ የሚያንሸራትታቸውን ድምፆች ዘንጉን ሳይመቱ በቁልፍ ብቻ እንዲያልፉ አደረጋቸው። ይህን ማንም አላስተማረውም። ጆሮው ነው የነገረው።

«ቢሆንም ኖታ አይደለም፣ ባለቀለም ነጠብጣብ ነው» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሐበሻ ከሆነ ግን እጅግ ይገርመኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ምልክቶች፣ በትውፊት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሯቸው የሚባሉት፣ ከግእዙ ቃል በላይ የተቀመጡ ጥቃቅን ፊደላትና ጭረቶች አይደሉም? ዜማውን ከመምህሩ አፍ ያልሰማ ሰው በምልክቱ ብቻ ሊዘምር አይችልም። ምልክቱ ለሰማ ጆሮ ማስታወሻ ነው። ቻርትን ከድጓ ጋር እኩል አላደርገውም፤ አንዱ ጸሎት፣ ሌላው ጨዋታ ነው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ሙሉ ኖታ ስላልሆነ ሙዚቃን አይመዘግብም የሚል ክርክር ከኛ አፍ ሊወጣ አይገባም።

በነገራችን ላይ «ይህ ሙዚቃ አይደለም» የሚለው ቃል ለፎክ ሮክ አዲስ አይደለም። ቦብ ዲላን ጁላይ 25 ቀን 1965 በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል ላይ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከታዳሚው መካከል የጮኸበት ነበር። ጩኸቱ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በኤሌክትሪኩ ተናድደው ነው የሚል አለ፣ የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶባቸው ነው የሚልም አለ። ያም ሆነ ይህ የንጹሕ ባህል ጠባቂ ነን ያሉት ያኔ ያወገዙትን ዛሬ ልጅ ልጆቻቸው እንደ ቅርስ ይጠብቁታል።

ወደ ከባዱ ክስ፣ ወደ ስርቆቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ማምታታት አልፈልግም። የቻርቱ ፋይል ውስጥ ድምፅ የለም። ነገር ግን አብዛኛው ከስተም ከዘፈኑ ድምፅ ጋር በአንድ ፎልደር ተጠቅልሎ ይታደላል፤ የሰውን ቅጂ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት ደግሞ የመብት ጥሰት ነው። በአሜሪካም፣ በእንግሊዝም፣ በኛም አገር በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) ሕጉ ከባለመብቱ ጋር ይቆማል። ይህን አልክድም። የምክደው ይህ ድርጊት የፒያሳውን ሱቅ ከዘጋው ድርጊት ጋር አንድ ነው የሚለውን ነው።

አባባ፣ እርስዎን ያከሰረዎት ሰው ምን አደረገ? እርስዎ የሚሸጡትን ያንኑ ዕቃ፣ ለዚያው ገዢ፣ በርካሽ ሸጠ። የእሱ ካሴት የተሸጠው የእርስዎ ስላልተሸጠ ነው። ዘፈኑን መስማት ቀርቶ ሽፋኑን እንኳ አስተካክሎ አላተመውም። ይህ ልጅ የሸጠው ነገር የለም። የሠራው ነገር በገበያ ላይ የለም፤ «ማቲ ግሮቭስ»ን በፕላስቲክ ጊታር ልጫወት ብሎ ገንዘብ ይዞ የመጣ ሰው የሚገዛበት ሱቅ የለም። ቻርቱን የሚጫወት ሰውም ዘፈኑን ከመግዛት አልዳነም፤ አርባ ጊዜ ወድቆ አርባ ጊዜ ሲነሣ ዘፈኑን በቃሉ ይይዘዋል። ሁለቱን በአንድ «ሌባ» በሚል ቃል መጥራት እርስዎ ላይ የተፈጸመውን በደል ያቃልላል እንጂ አያከብረውም።

ከዚያም በላይ፣ ይህ ሙዚቃ ማን ጠብቆት ነው እዚህ የደረሰው? «ማቲ ግሮቭስ» ደራሲ የለውም። ከ1600ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በእንግሊዝ ተውኔት ውስጥ ስንኙ ተጠቅሶ ይገኛል። የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ድረስ 305 እንዲህ ያሉ ትረካዎችን ሰብስቦ ሲያሳትም ቁጥር 81 ብሎ መዘገበው። ባንዱ ከዚያ ቅርስ ወሰደ። ፈቃድ ከማን ይጠይቅ? አራት መቶ ዓመት ሙሉ ዘፈኑን በሕይወት ያቆየው አንዱ ከሌላው አፍ ሰምቶ፣ ለራሱ አመቻችቶ፣ ለሚቀጥለው ማስተላለፉ ነው።

አሜሪካም እንዲሁ ናት። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የተባለ ሸክላ ሰብሳቢ ከ1927 እስከ 1932 ከተቀዱ አሮጌ ሸክላዎች 84 ዘፈኖች መርጦ ፎክዌይስ በተባለው አሳታሚ በኩል አወጣ። ከሸክላዎቹ ባለመብት ኩባንያዎች ፈቃድ አልተጠየቀም። በሕግ ቋንቋ ቅሚያ ልትሉት ትችላላችሁ። ግን ኩባንያዎቹ እነዚያን ሸክላዎች ረስተዋቸው ነበር፤ ያ ስብስብ ነው የ1960ዎቹን የፎክ ወጣቶች ያስተማረው። በ1991 ስሚዝ የግራሚ ክብር ተሸለመ፤ በ1997 ደግሞ ስሚዝሶኒያን ስብስቡን አሳምሮ ዳግም አሳተመው። ትናንት ያለ ፈቃድ የቀዳው ዛሬ የአገር ባለውለታ ነው።

«እንግዲያው በፎክ ዓለም ስርቆት የለም ልትል ነው?» አትሉኝም? አለ። ስርቆቱ ግን መውሰዱ ላይ ሳይሆን ስም መደምሰሱ ላይ ነው። ፖል ሳይመን በ1965 ለንደን ሳለ «ስካርቦሮ ፌር» የተባለውን የጥንት ዘፈን ከእንግሊዛዊው ማርቲን ካርቲ ተማረው። በዓመቱ ሳይመንና ጋርፈንከል ሲያወጡት ዓለም ሁሉ ሰማው፤ የካርቲ ስም ግን አልተጠቀሰም። ዘፈኑ የካርቲ አልነበረም፤ የጊታሩ አያያዝ፣ የቅንብሩ መንገድ ግን የእሱ ነበር። ቅሬታው ለዓመታት ቆየ። በ2000 ሳይመን ለንደን ሃመርስሚዝ ሲዘፍን ካርቲን ወደ መድረኩ ጠርቶት አብረው ተጫወቱት። ካርቲን ያስቀየመው ዘፈኑ መዘፈኑ አልነበረም። ከማን እንደተገኘ አለመነገሩ ነው።

አሁን የከስተም ፎልደር ከፍታችሁ ተመልከቱ። ከቻርቱ ጎን አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለች። ውስጧ ተራ በተራ ይጠየቃል፦ የዘፈኑ ስም፣ የአርቲስቱ ስም፣ አልበሙ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ ቻርት ሠሪው። ዘፈኑ ሲመረጥ ስክሪኑ ላይ ይታያሉ። ሌባ ብላችሁ የጠራችሁት ልጅ የሰረቀውን ዕቃ ባለቤት ስም በሰረቀው ዕቃ ላይ በትልቁ ይጽፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ሥራውን ፈቃድ ላላቸው ኩባንያዎች ይተዉላቸው» የሚሉም አሉ። ፈቃድ የነበራቸው ምን አደረጉ? ጊታር ሂሮ ላይቭ የተባለው በ2015 ሲወጣ ብዙው ዘፈኑ በኢንተርኔት የሚለቀቅ ነበር። በዲሴምበር 2018 ሰርቨሩ ሲዘጋ በገዛ ገንዘባቸው ጌሙን ለገዙ ሰዎች የቀረላቸው ዲስኩ ላይ የነበሩት 42 ዘፈኖች ብቻ ናቸው። ሮክ ባንድ ለዓመታት ከ2,000 በላይ ዘፈኖች እየቻረተ ሸጧል፣ ብዙዎቹም ግሩም ናቸው። በ2024 መጀመሪያ አዲስ ዘፈን ማውጣቱን አቆመ፤ በ2025 ደግሞ ሮክ ባንድ 4 ራሱ ከመሸጫው ወረደ። የገዛ ይዟል፤ ያልገዛ ግን ዛሬ ገንዘብ ይዞ ቢሄድ የሚሸጥለት የለም። ኩባንያዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ የሙዚቃ ፈቃድ የጊዜ ገደብ ስላለው ነው። ጊዜው ሲያልቅ ባለሙያ በደመወዝ ተቀምጦ በጆሮው የጻፈው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ፈቃድ ያለው ይረሳል፣ ፈቃድ የሌለው ያስታውሳል። ከሁለቱ የትኛው ለዘፈኑ እንደሚሻል ዘፈኑን የሚወድ ሰው ይፍረድ።

ይህን ስል ግን ቻርት ሠሪዎቹን ሁሉ ልባርክ አይደለም። ጥብቅና የቆምኩላቸው ሰዎች እኔም የምጠይቃቸው ነገር አለ። አንደኛ፣ የሚሸጥ ከስተም ስርቆት ነው፤ አንድ ሳንቲም የተቀበልክባት ቀን ጎረቤታችን ትክክል ይሆናሉ። ሁለተኛ፣ የሚቻል ከሆነ ቻርቱን ብቻ አድል፣ ድምፁን ሰው ራሱ ገዝቶ ያምጣ። ባለመብት «አውርዱልኝ» ካለም ሳትከራከር አውርድ። ሦስተኛ፣ ዘፈኑን ለፕሮግራም ሰጥተው በደቂቃ ውስጥ ቻርት የሚያስተፉና በስማቸው የሚያወጡ አሉ። በዚያ ቻርት ውስጥ ማንም ምንም አልሰማም። የመስማት ድካሙ ከሌለ የኔም ክርክር የለም፤ እንደዚያ ያለውን ሥራ ጎረቤታችን «ቁልፍ መጫን» ቢሉት አልቃወማቸውም።

የመስማት ድካም ምን እንደሚያመጣ አንድ ምሳሌ ልጨምር። የእህቴ ልጅ ከጊታሩ ቀጥሎ የድራሙን ቻርት ሲጀምር፣ ከዚህ በፊት ከሠራው የዚያው ባንድ ዘፈን ጋር የመቺው እጅ አልመሳሰል አለው። «ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው» አለኝ። ፈለገ፣ አገኘ። ቀዳሚው ድራመር ማርቲን ላምብል ሜይ 12 ቀን 1969 ባንዱ ከዝግጅት ሲመለስ ቫናቸው ተገልብጦ ሞቷል፤ ዕድሜው 19 ነበር። «ሊጅ ኤንድ ሊፍ» የተሠራው ከዚያ ሐዘን በኋላ፣ ዴቭ ማታክስ የተባለ አዲስ መቺ ገብቶ ነው። ልጁ በሁለት ዓመት ብቻ የሚበልጠውን ሟች ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከከበሮው ምት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልበሙ የተቀዳበትን ሕንፃ ሊያይ ቼልሲ ድረስ ሄደ። «ሙዚቃ አይደለም» የተባለው ሥራ ያደረሰው እዚያ ነው።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ከወር በፊት ይኸው ልጅ ደወለልኝ። የእናቱን ካሴቶች ሲያገላብጥ አንድ አገኘ፤ የጎጃም ዜማ ነው፣ በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በኦርጋን፣ በቤዝና በድራም። «ጋሼ፣ ይሄኮ ፎክ ሮክ ነው!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኛ «ዘመናዊ» ብለን ስናልፈው የኖርነው የአያት ዜማ በኤሌክትሪክ ነው። ቻርቱን ጀምሯል። እንደ ልማዱ መረጃውን ሊሞላ ፈለገ። ዘፈኑ ሲጫን ስክሪኑ ላይ የምትታይ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር የሚጻፍባት ቦታ አለች፤ እሷ ላይ የተጫዋቾቹን ስም ሊያስገባ ነው።

«ጊታሩን የሚጫወተው ማን ነው?» አለኝ።

ያን ካሴት ሠላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። በሠርግ ጨፍሬበታለሁ። የጊታሩን መግቢያ በአፌ ላዜምላችሁ እችላለሁ። ማን እንደሚጫወተው ግን ጠይቄ አላውቅም። ሽፋኑን አነበበልኝ፤ የዘፋኙ ፎቶ፣ የዘፋኙ ስም፣ የሙዚቃ ቤቱ ስም፣ የባንዱ ስም። ከባንዱ አባላት አንድም ሰው አልተጠቀሰም።

ስለዚህ ሽማግሌውን ጎረቤታችንን ሄጄ ጠየቅሁ። ካሴቱን በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ። የቤዝ ተጫዋቹን ስም ነገሩኝ። የድራመሩን ስም ነገሩኝ፤ ሱቃቸው እየመጣ ይቀመጥ እንደነበርም አከሉ። ኦርጋኑን «ሁለት ሰው ይመስለኛል» አሉ። ጊታሩን አላስታወሱትም። ስነሣም «ሐሳቤን ግን አልለወጥኩም፤ ፈቃድ ይጠይቅ» አሉኝ።

ይጠይቅ፤ እኔም እስማማለሁ። ዘፋኙን ወይም ወራሾቹን እያፈላለግን ነው። ነገር ግን «የሰው ወርቅ» የሚባለውን ካሴት ሠላሳ ዓመት በመደርደሪያችን ላይ ያስቀመጥነው እኛ የወርቅ ሠሪውን ስም አላወቅንም፤ የጠየቀን ሌባ የተባለው ልጅ ነው። እንዲህ ከሆነ ማን በማን ላይ ጣቱን ይቀስራል?

ስለዚህ በዋሽንግተንም፣ በስቶክሆልምም፣ በዱባይም፣ በአዲስ አበባም ያላችሁ አንባቢዎች፣ ልጃችሁ ወይም የእህታችሁ ልጅ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንዲት ሐረግ ሲደጋግም ብታዩ ዝም አታሰኙት። ምን እንደሚሰማ ጠይቁት። ካሴቶቻችሁንም አውጧቸው፤ በሽፋኑ ላይ የሌለውን ስም የምታውቁ ካላችሁ ሳትረሱት ጻፉት። የባንዱ ሰዎች ብዙዎቹ በዕድሜ ገፍተዋል፤ የሚያስታውሷቸውም እንደዚያው።

ቻርቱ ሊያልቅ ሁለት ስንኝ ቀርቶታል። የቤዙና የድራሙ ስም ገብቷል። የጊታሩን ቦታ ልጁ ባዶ ትቶታል።